ስማርት ስልኬን በየዕቃው ስበትነው፦ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

የገና ሰሞን

ሥራው ይኼ ነው። ስማርት ስልኬ የሚሠራቸውን ነገሮች አንድ በአንድ አውጥቼ ለየራሳቸው ዕቃ መስጠት። ጥሪ ለተራ ስልክ፣ ሰዓት ለእጅ ሰዓት፣ ወሬ ለሬዲዮ፣ ፎቶ ለካሜራ፣ ማስታወሻ ለደብተር። ስማርቱ አይሸጥም። ሲሙ ይወጣለትና ቤት መደርደሪያ ላይ በዋይፋይ ይቀመጣል፤ ከቤት አይወጣም።

ለምን? ስንት ሰዓት እንደሆነ ለማየት አነሳውና ትንሽ ቆይቼ የማላውቀው ሰው ሠርግ ላይ ሲጨፈር እያየሁ እገኛለሁ። ሰዓቱን ግን አላየሁም። ቲክቶክ ማጥፋት ሞክሬያለሁ። ኖቲፊኬሽን መዝጋትም፣ ስክሪኑን ጥቁርና ነጭ ማድረግም ሞክሬያለሁ። ሁሉም ለጥቂት ጊዜ ይሠራል፣ ከዚያ እጅ ራሱ መልሶ ያበራዋል። ጥፋቱ የአንድ አፕ አይመስለኝም። ለሰዓትም፣ ለባንክም፣ ለእናቴም፣ ለጸሎትም፣ ለወሬም የምገባበት በር አንድ መሆኑ ነው።

ከመግዛቴ በፊት ስልኩን ለምን እንደማነሳ በወረቀት መያዝ ጀመርኩ። ባነሳሁት ቁጥር አንድ ጭረት። ቴሌግራም አንደኛ ይሆናል ብዬ ነበር፣ ግን ሰዓት ማየት በሰፊው በለጠው። ያልጠበቅኩት ደግሞ ባትሪው ነው፤ መብራቱን ማለቴ ነው። ሰፈራችን መብራት ቶሎ ቶሎ ስለሚጠፋ የስልኩን ባትሪ ሳላበራ የማድርበት ማታ የለም ማለት ይቻላል። ካርታ ከነጭራሹ ዝርዝሩ ውስጥ የለም። አዲስ አበባ ውስጥ አድራሻ «ከቤተክርስቲያኑ ጀርባ፣ ከዳቦ ቤቱ ፊት ለፊት» ስለሆነ ጠይቆ መድረስ ይቀላል።

ጥምቀት ሳይደርስ፣ ቀፎ ፍለጋ

መርካቶ። ልጁን «ባለ ቁልፍ ስልክ አሳየኝ» አልኩት። «ለእናትህ ነው?» አለኝ። ለራሴ ነው ስለው የተሰረቅኩ መስሎት አዘነልኝ። «አይዞህ ወንድሜ፣ ያገለገለ ስማርትም በጥሩ ዋጋ አለኝ» ብሎ ሊያጽናናኝ ሞከረ።

የምፈልገው ብዙ አይደለም። ሁለት ሲም የሚይዝ፣ ከላይ ባትሪ ያለው፣ የራሱ ባትሪ ድንጋይ ተነቅሎ የሚቀየር፣ አማርኛ የሚያነብ። የመጨረሻዋ ነገር ቀላል ትመስላለች። ግን ሳይፈትሹ መግዛት አይገባም። እዚያው ሲሜን አስገብቼ ልጁ ከራሱ ስልክ «ሰላም ነው?» ብሎ በአማርኛ እንዲልክልኝ ለመንኩት። የመጀመሪያው ቀፎ፣ ስሙ የታወቀ፣ መልዕክቱን ባዶ ሳጥን በባዶ ሳጥን አድርጎ አሳየኝ። ሁለተኛው፣ ቴክኖ፣ ሜኑውም ጭምር በአማርኛ ነው። እሱን ወሰድኩ። ልጁ ሸፈኑን ከፍቶ ሲም እያስገባ «ይኼ ቢወድቅ የሚያሳዝነው ወለሉ ነው» አለኝ።

ቤት እንደገባሁ ስም ማስተላለፍ ጀመርኩ። ሲም ካርድ አብዛኛውን ጊዜ 250 ስም ይይዛል። ስማርቱ ላይ ያለኝ ከዚያ በጣም ይበልጣል፣ ስለዚህ ማን ይግባ ማን ይቅር ማለት ግዴታ ሆነ። «ደላላ አያት»፣ «ቧንቧ ሠሪ አዲሱ»፣ «የሶፋው ሰውዬ»። ግማሹን ሰው ማን እንደሆነ አላውቀውም። የቀሩትን በእጄ ደብተር ላይ ጻፍኳቸው፣ በፊደል ተራ፣ ድሮ አባቴ ቤት ስልኩ አጠገብ እንደሚቀመጠው ዓይነት ደብተር። ጠቃሚ ከሆነ ሰው መልሶ ይደውላል።

ጥር መጨረሻ፣ ስለ ኤስኤምኤስ

መጻፍ የጠበቅኩትን ያህል ከባድ ነው። በቁልፍ ስልክ አማርኛ ፊደል ማውጣት ትዕግሥት ይጠይቃል፤ አንድ «ጨ» ለማግኘት ጣት ይዝላል። እንደ ድሮው በእንግሊዝ ፊደል አማርኛ ልጻፍ ወይስ በራሱ ፊደል የሚለውን ለመወሰን ትንሽ ስሌት ሠራሁ።

አንድ ኤስኤምኤስ በእንግሊዝ ፊደል 160 ምልክት ይይዛል። በግዕዝ ፊደል ከሆነ ግን መልዕክቱ ዩኒኮድ በሚባለው አሠራር ስለሚሄድ 70 ብቻ ነው። ከዚያ ካለፈ ለሁለት ተከፍሎ እንደ ሁለት መልዕክት ይቆጠራል፤ ያን ጊዜ ደግሞ ማያያዣው ቦታ ስለሚወስድ እያንዳንዱ ቁራጭ 67 ይሆናል። መጀመሪያ ሳየው ተበደልን ብዬ ነበር። ግን የኛ ፊደል ተነባቢውንና አናባቢውን በአንድ ላይ ነው የሚይዘው። «ሰላም» ሦስት ምልክት ነው፣ በእንግሊዝ ፊደል አምስት። «እንደምን አደራችሁ» ክፍተቱን ጨምሮ አሥራ አንድ ነው፣ በእንግሊዝ ፊደል ግን ሃያ ይጠጋል። ስለዚህ ኪሳራው የሚመስለውን ያህል አይደለም። ሰባ ምልክት ወደ አሥራ አራት የአማርኛ ቃል ገደማ ይወጣዋል። «ማታ 12 ሰዓት ላይ ስታዲየም በር ላይ እንገናኝ፣ ደብተሩን ይዘህ ና» ለማለት በቂ ነው።

በተግባር ግን የሆነው ሌላ ነው። መጻፍ ስለሚያደክም እደውላለሁ። ያለፈውን ዓመት በሙሉ በቴሌግራም ብቻ የተጻጻፍኳቸው ሰዎች ድምፃቸው ተቀይሮ አገኘሁት። አንዱ ጓደኛዬ ስልኩን አንስቶ መጀመሪያ ያለው «ማን ሞተ?» ነው።

የካቲት መግቢያ፣ ሰዓቱ

እዚህ ላይ ረዘም እላለሁ፣ ምክንያቱም ከሁሉም የወደድኩት ይኼን ነው።

ካሲዮ ኤፍ-91ደብሊው ገዛሁ። በ1989 እ.ኤ.አ. የወጣች ላስቲክ ሰዓት ናት፣ ሁላችሁም ታውቋታላችሁ፤ እጁ ላይ ያላሰራት የለም። ድንጋዩ እስከ ሰባት ዓመት ይቆያል። ገበያው አስመስሎ በተሠራ የተሞላ ነው። መሞከሪያው የቀኝ ጎኑን ቁልፍ ተጭኖ ትንሽ መያዝ ነው፤ ትክክለኛው የኩባንያውን ስም ያወጣል። አሁን አሁን አስመሳዮቹም ይቺን ስለቀዱ ሙሉ ዋስትና አይደለም፣ ግን ካላወጣ በእርግጥ ተውት።

ስልክ ላይ ሁሌም በፈረንጅ ሰዓት ነው የምንኖረው። ስክሪኑ 9፡00 ይላል፣ ጭንቅላታችን 3 ሰዓት ይላል። ለምደነዋል። በዚች ሰዓት ላይ ግን ማን ይከለክለኛል? ጠዋት 12 ሰዓት ላይ 12፡00 አልኳት፣ አለቀ። የሚገርመው ነገር ከዚያ በኋላ ነው የመጣው። በአሥራ ሁለት ሰዓት አቆጣጠር ስትሆን ከሰዓት በኋላ «ፒኤም» የምትል ትንሽ ምልክት ታወጣለች፣ ከዚያ በፊት ምንም አታወጣም። እኔ ስድስት ሰዓት ወደኋላ ስለሳብኳት ምልክቷ ፀሐይ ስትጠልቅ ትበራለች፣ ፀሐይ ስትወጣ ትጠፋለች። ቀንና ሌሊት ለየች ማለት ነው። ቀኑም የሚለወጠው በእኩለ ሌሊት ሳይሆን ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ሆነ። ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ስነሳ ሰዓቷ አሁንም ትናንት ናት። (ቀን ከዋዜማው ማታ ይጀምራል ለሚል ሰው ደግሞ በግልባጩ ማታ 12 ላይ እንድትለወጥ መሙላት ይችላል። ያን ጊዜ ምልክቷ ቀን ላይ ትበራለች።)

ቀጥሎ የኛን ቀን ልሙላባት አልኩ። ይቺ ሰዓት ዓመት አትጠይቅም። ሲሞሉ ሰከንድ፣ ሰዓት፣ ደቂቃ፣ ወር፣ ቀን፣ ከዚያ የሳምንቱን ቀን ለየብቻ ነው የምትቀበለው። ዓመት ስለማታውቅ ሰኞን ከየትኛውም ቀን ጋር ብታስቀምጥላት አትከራከርም። ሁልጊዜ የምታሳየው ደግሞ የቀኑን ቁጥር እንጂ ወሩን አይደለም። እንግዲህ ዘዴው ይኼ ነው፦ የኛ ወር ከጳጉሜ በቀር ሁሌም 30 ነው። ስለዚህ ወሩን 30 ቀን ያለው የፈረንጅ ወር ላይ ማድረግ፣ እኔ 11ን መረጥኩ። 30 ሲያልቅ ራሷ 1 ትላለች። ግን ወሯ ወደ 12 ስለሚያልፍና እሱ 31 ስለሆነ፣ ወሩ ከማለቁ በፊት አንድ ቀን ቁጭ ብሎ 11 ላይ መመለስ ያስፈልጋል። በወር አንዴ፣ ሁለት ደቂቃ የማይሞላ ሥራ። እኔ በየወሩ በሚካኤል፣ በ12፣ አደርገዋለሁ፤ ቀኑን እንዳልረሳው።

አንድ ጉድለት አላት። ደወሏ ሃያ ሰከንድ ብቻ ጮኻ ዝም ትላለች። እኔን ለመቀስቀስ ይኼ ቀልድ ነው። ስለዚህ ባለ ሁለት ጆሮ ደወል የጠረጴዛ ሰዓት ተገዛ። ባለቤቴ አልወደደችውም። ጎረቤቶቻችንም የወደዱት አይመስለኝም።

የካቲት አጋማሽ፣ ገንዘብ

ብዙ ሰው ያስፈራራኝ በዚህ ነበር፤ «ያለ ስማርት ስልክ እንዴት ትከፍላለህ?» እያለ። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ከመጣ ጀምሮ በ*127# ይሠራል፣ ኢንተርኔት አይፈልግም። ንግድ ባንክም *889# አለው። ሚኒባስ እንደሁ በጥሬ ብር ነው። ራይድ በ8294 ደውሎ መጥራት ይቻላል፤ የስልክ ሠራተኛዋ «የት ነዎት?» ትላለች፣ ምልክት እነግራታለሁ፣ ሾፌሩ ይደውልልኛል። እንደውም አፑ ኖሮኝም ሾፌሮቹ ደውለው «የት ጋ ነህ?» ማለታቸው አልቀረም ነበር።

ችግር የሆነው ክፍያው ሳይሆን ስክሪንሾቱ ነው። አገሩ በሙሉ በስክሪንሾት ነው የሚተማመነው። ለቤት ዕቃ አንድ ሱቅ ከፍዬ «ላክልኝ ስክሪንሾቱን» አለኝ ባለሱቁ። የመጣልኝን ኤስኤምኤስ አሳየሁት። ቀፎውን አገላብጦ አየው፣ ፈገግ አለ፣ ግን ዕቃውን አልለቀቀም። የራሱ መልዕክት እስኪገባለት አብረን ቆምን። ገባለት። እውነቱን ለመናገር ትክክለኛው ማረጋገጫም ያ ነው። ስክሪንሾት ማንም ቤቱ ቁጭ ብሎ ይሠራዋል፣ ስንት ነጋዴ ነው በሐሰተኛ ስክሪንሾት ዕቃ ያስረከበ።

የኮከብና የመሰላል ሜኑው ቀርፋፋ ነው። ትንሽ ካሰብክ ይዘጋብህና እንደገና ከመጀመሪያ። የምመርጣቸውን ቁጥሮች ተራ በቃሌ ስለያዝኩ አሁን ዓይኔን ጨፍኜ ነው የምልከው። ግን ገንዘብ በላክሁ ቁጥር የሰውየውን ቁጥር በእጄ መጻፍ፣ መጠኑን መጻፍ፣ ስሙን ማየት፣ ከዚያ የሚስጥር ቁጥር። ለወሬ ያህል የሚገዛ ነገር በዚህ መንገድ አይገዛም።

ጾም ከገባ በኋላ፣ ሬዲዮና ዳዊት

ሬዲዮው በአጭሩ፦ ሁለት ድንጋይ የምትበላ ትንሽ ሬዲዮ። ማብሰያው ጋ ተሰቅላለች። ጠዋት 97.1 ወይም ሸገር 102.1፣ ማታ ስፖርት። ቀፎውም ሬዲዮ አለው፤ ግን የጆሮ ማዳመጫው ገመድ ካልተሰካ አንቴና ስለሌለው አይዝም። የምወደው ነገር፣ ሬዲዮ ዜናውን ይነግርሃል፣ ከዚያ ወደ ሌላ ነገር ያልፋል። ሥር ያለውን አስተያየት አንብበህ የምትበሳጭበት ቦታ የለውም። በ2012 ሰኔ መጨረሻ ኢንተርኔት ለሳምንታት ሲቋረጥ እናቴ ቤት የሠራው ይኼው ሬዲዮ እንደነበር አስታውሳለሁ።

ጸሎትም ከስልክ ወጣ። የኪስ ዳዊት። አፑ ላይ ሳነብ ግማሹ ላይ መልዕክት ይገባ ነበር፤ በቃ፣ ያ ቀረ።

ከዓድዋ በዓል በኋላ፣ ዕድሩ

አሁን ወደሚያምመው ነገር።

የመሥሪያ ቤቱን ቴሌግራም ቢሮ ኮምፒውተር ላይ ከፍቼዋለሁ። ከቢሮ ስወጣ ይዘጋል። ለሥራ ይኼ በቂ ነው፣ አለቃዬም «አስቸኳይ ከሆነ እደውላለሁ» ብሎ ተቀብሎታል። የሰፈሩ ዕድር ግን የራሱ ግሩፕ አለው። አንድ ማታ የጎረቤታችን እናት አረፉ። ማስታወቂያው ማታውኑ ግሩፕ ላይ ወጣ። ቀብሩ በማግስቱ 6 ሰዓት ነበር። እኔ ደግሞ በዚያ ማታ መደርደሪያው ላይ ያለውን ስልክ አልነካሁትም፣ ባለቤቴ ደግሞ ክፍለ ሀገር ነበረች። ከሥራ ስመለስ ድንኳኑን አየሁ።

ለቅሶ ቤት ገብቼ ስቀመጥ ማንም ምንም አላለኝም። ይኼ ነው የሚከብደው። እግዚአብሔር ያጽናችሁ ብዬ ተቀመጥኩ፣ ንፍሮ ዘገንኩ፣ ከአጠገቤ የተቀመጡ አዛውንት ዝቅ ባለ ድምፅ «አሞህ ነበር እንዴ ልጄ?» አሉኝ። ስልክ እንደቀየርኩ ስነግራቸው ትንሽ አሰቡና «ድሮ ጥሩምባ ነፊው በር በር እየዞረ ነበር፣ አልሰማሁም የሚል አልነበረም» አሉ።

እዚህ ላይ ሥራውን ልተወው አስቤ ነበር። እኔ ዝምታ ስለፈለግኩ በሌላው ሰው የሐዘን ቀን መጉደል አልፈልግም። ግን ቁጭ ብዬ ሳስበው የሚያስፈልገኝ ግሩፕ አይደለም፤ በግሩፑ ውስጥ በቀን ከሚላከው የመልካም ጠዋት ሥዕልና የፖለቲካ ቪዲዮ ሁሉ የምፈልገው አንድ ዓይነት መልዕክት ነው። ወደ ዕድሩ ጸሐፊ ሄድኩ። እኔ ብቻ እሆናለሁ ብዬ አፍሬ ነበር። እሳቸው ግን የቆየ ደብተር አወጡ። ቴሌግራም የሌላቸው ሽማግሌዎችና እናቶች ስም ዝርዝር አለ፣ የሚደውልላቸውም ልጅ ተመድቧል። ከእትዬዎቹ ሥር ስሜን ጻፉት። ከዚያ ወዲህ ሞትም ሆነ ስብሰባ በስልክ ይደርሰኛል፣ እንደውም ግሩፑን ድምፅ ዘግተው ከተቀመጡት ብዙዎቹ ቀድሜ።

ሪያድ ያለችው እህቴ ሌላ ጉዳይ ናት። እሷን በቪዲዮ ካላየናት አይሆንም፣ እናቴም አትቀበልም። ለዚህ መደርደሪያው ላይ ያለው ስማርት አለ። የእረፍት ቀኗ ዓርብ ነው፣ ሰዓታቸው ከኛ ጋር አንድ ነው፣ ዓርብ ማታ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አቁመን ሁላችንም ዙሪያውን እንቀመጣለን። ድሮ መንገድ ላይ እየሄድኩ፣ ታክሲ ውስጥ እየጮኽኩ ነበር የማወራት። ሲሙ ከውስጡ ቢወጣም ዋትሳፑ አልተዘጋም፣ ቁጥሩ አስቀድሞ ስለተረጋገጠ። የማረጋገጫ ኮድ ከጠየቀ ቀፎው ላይ ይመጣል፣ አንብቤ አስገባለሁ። አንድ ነገር ብቻ፦ ዋትሳፕን ኮምፒውተር ላይም የምትጠቀሙ ከሆነ ዋናው ስልክ ለ14 ቀን ሳይከፈት ከቀረ ኮምፒውተሩ ላይ ያለው ይወጣል። የዓርብ ማታው ጥሪ ይኼንንም ይፈታዋል።

ፋሲካ፣ ካሜራው

አጎቴ መሳቢያ ውስጥ የረሳው ትንሽ ካኖን ሰጠኝ። ካርዱ ይሠራል፣ ድንጋዩ ግን ደክሟል፣ ብልጭታውን ከተጠቀምኩ ቶሎ ይሞታል። ፎቶው ከስልኬ ያነሰ ነው ብል እውነት ነው፣ በተለይ ማታ። ቀን ላይ ግን፣ ግቢ ውስጥ፣ በግና ሕፃናት፣ ቀለሙ ደስ ይላል።

ያልጠበቅኩት ነገር ካሜራ ሰውን ያስጨንቃል። በስልክ ሺህ ጊዜ ያነሳሁበት መንገድ ላይ ካሜራውን ሳወጣ አንድ ጥበቃ «ከየት ነው የመጣኸው? ፎቶ ክልክል ነው» አለኝ። ስልክ ይዞ ቪዲዮ የሚቀርጸው ልጅ ከጎኔ ቆሟል፣ እሱን ማንም አላየውም። ሳልከራከር ከተትኩት። ካሜራው የቤትና የበዓል ብቻ ሆኗል።

የፋሲካዎቹን መርጬ አሳጠብኩና ደብረ ብርሃን ለእናቴ ወሰድኩላት። አልበሟን አወጣች። የመጨረሻዎቹ ገጾች ባዶ ነበሩ፤ የመጨረሻው ፎቶ የእኔ ምርቃት ነው። «እስካሁን ፎቶ አትነሱም ነበር?» አለች። ስማርቱ ላይ ስንት ሺህ እንዳለ ልነግራት አልፈለግኩም።

ግንቦት፣ ያለበት ሁኔታ

በኪስ ያለው፦ ቀፎ፣ ትንሽ ደብተር፣ እስክሪብቶ። ዳዊት ቦርሳ ውስጥ። ካሲዮ እጅ ላይ። ሬዲዮ ወጥ ቤት። ካሜራ መሳቢያ ውስጥ። ኤምፒስሪ መጫወቻ ልገዛ ነበር፣ ተውኩት፤ ቀፎው ራሱ ሚሞሪ ይቀበላል፣ ሰፈር ሙዚቃ ቤት አስሞላሁት። አንድ ዕቃ ለአንድ ሥራ የሚለው ሕግ እዚህ ላይ ተጣሰ፣ ግን ዘፈን ማንንም ሠርግ ላይ አይወስድም።

ያልተፈታው፦ አንዳንድ ቦታ አሁን ወረፋም ቅጽም በኪውአር ኮድ ሆኗል። አንድ ቢሮ ሄጄ ወረቀት የለም፣ «ስካን አድርግ» ተባልኩ፤ ከኋላዬ የተሰለፈች ልጅ በስልኳ ሞላችልኝ። ሁልጊዜ ደግ ሰው ከኋላ አይሰለፍም። እንዲህ ዓይነት ጉዳይ ያለበት ቀን ስማርቱን ይዤ እወጣለሁ፣ ስመለስ ወደ መደርደሪያው። ይኼን እንደ ሽንፈት አልቆጥረውም።

የሚቀጥለው ሥራ፦ የካሜራውን ድንጋይ መቀየር፣ የሚሸጥ ቤት የምታውቁ ንገሩኝ። ጳጉሜ ስትመጣ ሰዓቷን ከ5 ቀጥሎ በእጅ 1 ላይ ማድረግ፣ ደብተሩ ላይ ተጽፏል። አስቸኳዩ ግን የቀፎው የመልዕክት ሳጥን ነው። የጥሪ ዜማ ግዙ፣ ጥያቄ መልሳችሁ ተሸለሙ በሚል ማስታወቂያ ሞልቷል፣ ትናንት የባንክ መልዕክት ቦታ አጥቶ ዘግይቶ ገባ። ሁሉንም በአንዴ አጥፋ የሚል ምርጫ አለው፣ ግን የእናቴን መልዕክቶች አብሮ ስለሚያጠፋ ዛሬ ማታ አንድ በአንድ መሰረዝ ነው።